ሽምግልናና የይርጋ ጊዜ በሥራ ክርክር



በአርሲ፣ በብቅል ፋብሪካም ይሁን በእርሻ ልማት፣ አሠሪና ሠራተኛ ሲጋጩ አስቀድሞ የሚታሰበው ሽማግሌ ነው። ልማዱ መልካም ነው፤ ሕጉ ግን ቀን ይቆጥራል።

በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 27 መሠረት፣ ሠራተኛን ያለማስጠንቀቂያ የማሰናበት መብት፣ አሠሪው ምክንያቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተሠራበት ቀሪ ይሆናል። ስለዚህ የዲሲፕሊን ምርመራ ሊንዛዛ አይገባም። ሠራተኛውን ሳይሰሙ፣ የምስክሮችን ቃል በጽሑፍ ሳይዙ መቸኮልም አይበጅም፤ ጥፋቱን በችሎት የማስረዳት ሸክም የአሠሪው ነውና።

የሠራተኛው ቀን ይበልጥ ያሳስባል። ያለአግባብ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራው ለመመለስ በ3 ወር ውስጥ ካልከሰሰ ጥያቄው በይርጋ ይታገዳል። ቆጠራውን የሚያቋርጠው ለሚመለከተው አካል የቀረበ አቤቱታ ወይም አሠሪው የሠራተኛውን መብት በጽሑፍ ማመኑ ነው እንጂ፣ «ነገ እንታረቃለን» የሚል የቃል ተስፋ አይደለም።

እንግዲህ ተማሪዎቼ፣ ምክር የሚጠይቃችሁን ሠራተኛ ከሽምግልና አታስቀሩት፤ አቤቱታው ግን በቀኑ ይግባ። እርቅ ከወረደ ክሱን ማንሳት ይቻላል፤ ያለፈውን ቀን መመለስ ግን አይቻልም።