በቤታችን ስለሚያድሩ አስደናቂ ተባዮች
(በኮልፌ ቀራንዮ ለእናቶችና ለቤተ ሰቦች የተደረገ ንግግር)



  ንግግራችንን በጥያቄ እንጀምር። ከአውሬ ሁሉ አብልጣችሁ የምትፈሩት የትኛውን ነው? ባለፈው ጊዜ ይህንኑ ስንጠይቅ ግማሹ ጅብ፣ ግማሹ እባብ አለን። በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት ብቻ «እኔስ ከልጄ ጋር የሚተኛውን ነው የምፈራ» አሉ። መልሱን ያገኙት እርሳቸው ናቸው።

በዓለም ላይ ከማናቸውም እንስሳ ይልቅ ብዙ ሰው የምትገድለው ትንኝ ናት። ክብደቷ 2 ሚሊ ግራም ያህል ነው፤ ይኸውም 500 ትንኞች በአንድነት ቢመዘኑ 1 ግራም ቢሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በጎንደር በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ 7,000 ያህል ሰው ፈጀ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1954፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ የጤና መኮንን የሚባለውም ሙያ በአገራችን ከዚያ ተጀመረ። እንግዲህ በፊታችሁ የቆምነው እኛ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ወደ ትምህርት ቤት የላከችን ትንኝ ናት።

ኮልፌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለ ሆነ ብርዱ ለወባ ትንኝ አይመቻትም። ለሥራ ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሰው ትኩሳት ቢይዘው ግን ሳይውል ሳያድር ደሙን ያስመርምር። የዛሬው ንግግራችን ብርድ ስለማይበግራቸው፣ ከእኛው ጋር በአንድ ጣራ ሥር ስለሚያድሩት ነው።

ቁንጫን እንመልከት። ርዝመቱ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ሲዘል ግን 20 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ይሄዳል፤ ይህ ከገዛ ርዝመቱ ከ60 እጥፍ በላይ ነው። ሰው በዚህ ልክ መዝለል ቢችል ኖሮ በአንድ ዝላይ 100 ሜትር ያልፍ ነበር። የእግሩ ጉልበት ብቻውን ይህን አያደርግም፤ በእግሩ መነሻ እንደ ጎማ የሚለጠጥ ነገር አለው፤ ያን ጨምቆ ይይዝና እንደ ወንጭፍ ይለቀዋል።

እኛን ከዝላዩ ይልቅ የሚገርመን ትዕግሥቱ ነው። ቤት ዘግታችሁ ወር ሁለት ወር አገር ቤት ከርማችሁ ስትመለሱ፣ በሩ ሲከፈት ቁንጫው እንደ ተልባ ሲንጣጣ አላያችሁም? «ሰው በሌለበት ምን በልቶ ከረመ?» ትላላችሁ። እንቁላሉ ከውሻው ወይም ከድመቷ ላይ ወርዶ በወለሉ ስንጥቅና በመደቡ ሥር ባለው አቧራ ይፈለፈላል። ትሉ አድጎ በላዩ ላይ ድር ይፈትልና በዚያ ውስጥ ተጠቅልሎ ለወራት መቆየት ይችላል። የእግር ኮቴ፣ የሰውነት ሙቀት፣ የእስትንፋስ ሽታ ሲሰማው ያን ጊዜ ቀዶት ይወጣል። ስለዚህ ወለሉ በእበት ሲለቀለቅ ስንጥቁ ሁሉ ይደፈን፤ የመደቡ ሥር በየቀኑ ይጠረግ፤ ጥራጊውም ደጃፍ ላይ አይደፋ፣ ይቃጠል።

አሁን ወደ ቅማል እንምጣ። ይህን ስም ስንጠራ እናቶች አንገታቸውን ይደፋሉ። ኧረ ማፈር የለም! ቅማል የብርድና የውሃ እጦት ጓደኛ ነው፤ በክረምት ልብስ ይደራረባል፣ ቤተ ሰቡ በአንድ ቡሉኮ ሥር ያድራል፣ እርሱም ከአንዱ ወደ አንዱ ይሻገራል። የልብስ ቅማል ከውሻም ከዶሮም አይመጣም፤ የሚኖረው በሰው ደም ብቻ ነው። ቅጫሙን በልብስ ስፌት ላይ ያጣብቃል፤ ቅጫሙም በሰው ገላ ሙቀት በ1 ሳምንት ገደማ ይፈለፈላል። ሙቀት የሚመርጥ ፍጡር ነው። ሰውየው በትኩሳት ሲግል ወይም ሞቶ ሲቀዘቅዝ ትቶት ጤነኛውን ፍለጋ ይሄዳል። አስታማሚ ከታማሚ ቀጥሎ የሚወድቀው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ይህን ምሥጢር የገለጠው ሻርል ኒኮል የሚባል የፈረንሳይ ሐኪም ነበር። በቱኒስ ከተማ የተስቦ ታማሚዎች ወደ ሆስፒታል ሲመጡ ልብሳቸውን የሚቀበሉት ሠራተኞች ይታመማሉ፤ ታማሚው ታጥቦ የሆስፒታል ልብስ ከለበሰ በኋላ ግን ወደ ማንም አያስተላልፍም። ሐኪሙ ይህን አይቶ ነገሩ ከልብሱ ላይ መሆኑን ተረዳ፤ በ1909 ቅማል መሆኑን በሙከራ አረጋገጠ፤ በ1928ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ቅማል ሌላም በሽታ ያመጣል፤ ግርሻ እንለዋለን። ትኩሳቱ ለጥቂት ቀናት ያቃጥልና ይተዋል፤ ሰውየው «ዳንሁ» ብሎ ይነሣል፤ ሳምንት ያህል ቆይቶ ያገረሽበታል። ካልታከመ ከ100 ታማሚ ከ10 እስከ 40 ሊሞት ይችላል። ይህ በሽታ ዛሬ ከሌላው ዓለም ጠፍቶ በብዛት የቀረው በእኛ አገርና በጎረቤቶቻችን ነው። የግርሻ ጀርም ወደ ሰው የሚገባው በአብዛኛው ቅማሉ ሲነክስ አይደለም። ቅማሉ ሲፈነዳ ነው። ጀርሙ በቅማሉ ደም ውስጥ ይኖራልና ስናክ ወይም ስንጨፈልቀው ይወጣና በተጫረ ቆዳ ይገባል።

እኛም ልጆች ሳለን እናቶቻችን ፀሐይ ላይ አስቀምጠው፣ የልብሳችንን ስፌት እየገለጡ፣ ቅማሉን በሁለት አውራ ጣት ጥፍር ጧ ያደርጉት ነበር። ድምፁ ያስቀን ነበር፤ ኮሌጅ ገብተን ይህን ስንማር ግን ዘገነነን። እባካችሁ በጥፍር አትግደሉት፤ በጥርስማ ጨርሶ! ልብሱን በሚፈላ ውሃ ቀቅሉት፤ ካውያ ያለው ስፌቱን በደንብ ይተኩስ። ማገዶ ያጠረው ሰው ልብሱን በማዳበሪያ ቋጥሮ 2 ሳምንት ሳይለብሰው ያቆየው፤ ቅማሉ ደም ካጣ ሳምንት አይዘልቅም፤ ቅጫሙም የገላ ሙቀት ካላገኘ ይበላሻል። የሚመላለስ ትኩሳት ያለበትን ግን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። መድኃኒቱን ሲወስድ መጀመሪያ ብርቱ ብርድ ብርድ ሊለው ስለሚችል ባለሙያ አጠገቡ መሆን አለበት።

ስለ ዝንብ ለረጲ ሰፈር ሰው መንገር እንኳ ያሳፍራል፤ የከተማው ቆሻሻ ለስንት ዓመት ሲከመርበት ኖሯልና። ዝንብ የምትቀምሰው በእግሯ ነው። ጥርስ የላትም፤ እበት ላይ ቆይታ እንጀራው ላይ ስታርፍ ምራቋን ተፍታ አርጥባ ትመጠዋለች። በሞቃት ጊዜ እንቁላሏ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ክንፍ ያወጣል፤ እዚህ በብርዱ ጥቂት ይዘገያል። ጥራጊና አዛባ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከተነሣ እንግዲህ ትሉ ክንፍ ሳያወጣ ተቀደመ ማለት ነው።

የቤት ዝንብን የምትመስል ሌላ ዝንብ አለች፤ የምታዘወትረው የሕፃናትን ዐይን ነው። እንባና ንፍጥ ትጠጣለች፤ እንቁላሏን የምትጥለው ሜዳ ላይ በተተወ ዐይነ ምድር ላይ ነው፤ በመጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ እምብዛም አትራባም። ከልጅ ወደ ልጅ ትራኮማን የምታዞር እርስዋ ናት፤ ጣትና የጋራ ፎጣም ያግዟታል። በዓለም ትልቁ የትራኮማ ሸክም ያለው በአገራችን ነው። በልጅነት እየተመላለሰ የያዘው ዐይን በስተኋላ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ብሌኑን ይፍቀዋል። ወረንጦ በአንገታቸው አንጠልጥለው ሽፋሽፍት የሚነቅሉ እናቶችን ታውቃላችሁ፤ ልጅ ሲያሳድጉ ያገኛቸው ነው። ሽፋሽፍቱን በቀላል ቀዶ ሕክምና መመለስ ይቻላል፤ የጠፋውን ብርሃን ግን አይመልስም። በጋምቢያ አገር ተጠንቶ በ2004 እንደ ታተመው፣ መጸዳጃ በተቆፈረባቸው መንደሮች በልጆች ዐይን ላይ የሚያርፈው ዝንብ በ30 በመቶ ያህል ቀነሰ። የልጅን ፊት ለማጠብ ደግሞ አንድ ጣሳ ውሃ ይበቃል።

«ሸረሪትንስ እንግደላት ወይ?» ተብለን ተጠይቀናል። ሸረሪት ስምንት እግር ስላላት ከነዚህ ወገን አይደለችም፤ ድሯም በክብደት እኩል ከሆነ ብረት ይጠነክራል። በኬንያና በኡጋንዳ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ የምትኖር አንዲት ሸረሪት ደም የጠጣች የወባ ትንኝ እየመረጠች ትበላለች። የእኛዎቹ ይህን ያህል መራጭ አይደሉም፤ ያገኙትን ዝንብ ይበላሉ። በጣራው ጥግ ያለችውን ተዉአት፤ ከምጣዱና ከእንስራው በላይ ያደራችውን ግን ጥላሸቱ ወጥ ውስጥ ሳይወርድ በመጥረጊያ አንሡት።