የቤተ ክርስቲያኑ አጥር የት ላይ ያበቃል?

(በእድራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ከተደረገ ንግግር)



ደቡብ ጎንደርን ያየ ሰው ያውቀዋል። አብዛኛው አገር እርሻና ግጦሽ ሆኖ ሳለ ጽዱ፣ ወይራውና ዝግባው ተርፎ የሚታየው በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ነው። ዛፉን ያቆየው የደን ዘበኛ አይደለም፤ የታቦት ማደሪያ ነው ብሎ ሕዝቡ ስለሚያከብረው ነው። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህም የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከካህናቱ ጋር እየመከሩ፣ በበርካታ አጥቢያዎች ምእመናኑ ከብት እንዳይገባ ደኑን በድንጋይ ካብ አጠሩት። ድንጋዩ ከየማሳው የተለቀመ ስለሆነ ማሳውም ለማረስ ተመቸ።

እኛስ? ቤተ መቅደስ ስንገባ ጫማችንን እናወልቃለን፤ ከደጁ ስንወጣ ግን የጧፉን ፌስታል ቦይ ውስጥ እንወረውራለን። በሰው ላይ አልፈርድም። ባለፈው ክረምት ቦዩ ተደፍኖ ጎርፉ የአንዲት ጎረቤታችንን ቤት ሲያጥለቀልቅ፣ ጎትተን ካወጣነው ቆሻሻ መሀል አንድ የእህል ጆንያ ነበረ። ለወፍጮ ቤት ብለን የጻፍንበት ስሜ አልለቀቀም። አፈርኩ።

አዳም በገነት የተቀመጠው ሊበላ ብቻ አይደለም፣ ሊጠብቃትም ጭምር እንጂ። ያ አደራ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ አያበቃም። እንግዲህ ቅዳሜ ጧት አካፋ ያለው አካፋውን፣ የሌለውም ጉልበቱን ይዞ ቦዩ ዘንድ እንገናኝ። ገበያ ስንወጣም ዘንቢላችንን አንርሳ። እኔ ከራሴ ደጅ እጀምራለሁ።