በመሪ ውስጥ የተቀመጠው እሳት

ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



በምሥራቅ ጎጃም፣ ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ላይ፣ ጥይት ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው አይገኝም። ጥይት እሳት አጠገብ እንደማይቀመጥ፣ በመዶሻ እንደማይቀጠቀጥ፣ ለልጅ መጫወቻ እንደማይሰጥ መካሪ ሳያስፈልገው ሁሉም ያውቃል። ሆኖም በዚሁ መንገድ በሚመላለሱት መኪኖች መሪ ውስጥ፣ በዳሽቦርዳቸው ሥርና በወንበር ቀበቶአቸው መጠቅለያ ውስጥ በባሕርዩ ከጥይት ጋር ዘመድ የሆነ ዕቃ ተቀምጦ እንደሚጓዝ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ በተለምዶ ኤርባግ የሚባለውን የአደጋ መከላከያ ከረጢት ስለሚያቀጣጥለው ቅመም ማስረዳትና፣ ዕውቀቱ ከመሐንዲሱ ጠረጴዛ ወደ ጋራዡ ወለል የሚወርድበትን መንገድ ማመልከት ነው።

በቅድሚያ አሠራሩን መመልከት ይገባል። ምላጭ ሲሳብ የጠመንጃው መምቻ በቀለሁ ግርጌ ያለችውን ትንሽ ተቀጣጣይ ይመታል፤ እርሷም ባሩዱን ታቀጣጥላለች፤ ባሩዱ ጋዝ ሆኖ አረሩን ይገፋል። በኤርባግም ይኸው ቅደም ተከተል አለ። ልዩነቱ የመምቻውን ቦታ የኤሌክትሪክ ጅረት፣ የአረሩን ቦታ ደግሞ የጨርቅ ከረጢት የተካው መሆኑ ነው። መኪናው በኃይል ሲጋጭ የግጭት መለኪያው ምልክት ይሰጣል፤ መቆጣጠሪያው ሳጥን ወደ አቀጣጣዩ ጅረት ይልካል፤ በአቀጣጣዩ ውስጥ ያለው ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ በቅጽበት ይግላል። በሽቦው ላይ የተጠቀጠቀው ቅመም፣ መጠኑ ከአንድ ግራም እጅግ ያነሰ ሲሆን፣ ይነድዳል። ከዚያ አጋዥ ቅመሙ፣ ቀጥሎም ዋናው ጋዝ አመንጪ ይቀጣጠላሉ። ከረጢቱ በ30 ሚሊሰከንድ ገደማ፣ ማለትም የሰው ዓይን አንድ ጊዜ ተጨፍኖ እስኪገለጥ ከሚወስደው ጊዜ ባነሰ፣ ይሞላል።

ይህ ፍጥነት የተገኘው በቀላሉ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 በአሜሪካ ለጆን ሄትሪክ፣ በጀርመን ደግሞ ለዋልተር ሊንደረር የፈጠራ መብት ሲሰጥ ሁለቱም ያሰቡት በታመቀ አየር የሚሞላ ከረጢት ነበር። የታመቀው አየር ግን ከግጭቱ ጋር እሽቅድምድም ገጥሞ አላሸነፈም፤ መፍትሔው የተገኘው ከእሳት ዘንድ ነው። ከ1980ዎቹ መባቻ ጀምሮ በጠጣር ቅመም የሚሠራው ኤርባግ በገበያ ላይ ዋለ።

ከቅመሞቹ ዋና ዋናዎቹን በስማቸው መጥራት ተገቢ ይሆናል። በሽቦው ላይ የሚጠቀጠቀው ብዙውን ጊዜ የዚርኮኒየም ብናኝና የፖታሲየም ፐርክሎሬት ድብልቅ ነው፤ ቀደም ባሉት አቀጣጣዮች ውስጥ የእርሳስ ስቲፍኔትም ይገኛል። በአጋዥነት የታወቀው የቦሮንና የፖታሲየም ናይትሬት ድብልቅ ነው። ፖታሲየም ናይትሬት ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ አባቶች ከድኝና ከከሰል ጋር እየቀመሙ ባሩድ ያደርጉት የነበረው ያው ጨው ነው። ዋናው ጋዝ አመንጪ በቀድሞዎቹ መኪኖች ሶዲየም አዛይድ ነበር። ይህ ቅመም 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ተበታትኖ ናይትሮጅን ይሰጣል፤ ሳይቃጠል የቀረ እንደሆነ ግን ብርቱ መርዝ ነው። በ1990ዎቹ ስፍራውን እንደ ጓኒዲን ናይትሬት ላሉ ሌሎች ቅመሞች መልቀቅ ጀመረ።

አቀጣጣዩ ሁለት ተቃራኒ ግዴታዎች ተጥለውበታል። ሲታዘዝ ያለ አንዳች ማመንታት መንደድ አለበት፤ ሳይታዘዝ ደግሞ ፈጽሞ መንደድ የለበትም። በመኪና ኢንዱስትሪ በሰፊው በሚሠራበት መለኪያ መሠረት 1.2 አምፔር ለ2 ሚሊሰከንድ ሲያልፍበት የግድ መቀጣጠል፣ 0.4 አምፔር ለ10 ሰከንድ ቢያልፍበት ግን አለመቀጣጠል ይጠበቅበታል። የሽቦው ተቃውሞ 2 ኦም ያህል ነው።

እነዚህ ቁጥሮች በሞጣ ጋራዥ ምን ትርጉም እንዳላቸው በምሳሌ እንመልከት። አንዲት ያገለገለች አነስተኛ መኪና የፍሬቻ ማብሪያዋ ተበላሽቶ ገባች እንበል። መካኒኩ ማብሪያውን ለማውጣት መሪውን መፍታት አለበት። ባትሪውን አልነቀለም። ከመሪው ሥር ቢጫ ሶኬት ያገኛል፤ መብራት ይደርሰው እንደሆነ ለማወቅ እንደ ልማዱ በሁለት ሽቦ ያሠራትን አምፖል ያነሣል። አምፖሏ የፍሬቻ፣ ማለትም የ12 ቮልት 21 ዋት ከሆነች፣ ስትበራ 1.75 አምፔር ያህል ትስባለች። የአቀጣጣዩ 2 ኦም ቢጨመርበት እንኳ ጅረቱ ከ1.3 አምፔር በላይ ነው፤ ስለዚህም አቀጣጣዩን ለማስነሣት ከሚበቃው ልክ ያልፋል። የ5 ዋት አምፖል ብትሆን ጅረቱ 0.4 አምፔር ገደማ፣ ማለትም ከአደጋው ወሰን ላይ ነው፤ የአምፖሉ ክር ገና ባልጋለበት በመጀመሪያዋ ቅጽበት ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ሰውዬው በዚያች ሰዓት ፊቱን ወደ መሪው አቅርቦ አጎንብሷል። ለሌላ ሽቦ ሁሉ ትክክለኛ የሆነው ልማድ፣ በዚህች በአንዲት ቢጫ ሶኬት ላይ ዓይንን ወይም እጅን ሊያሳጣ ይችላል። ጥፋቱ የስንፍና አይደለም፤ ያልተነገረው ሰው ስሕተት ነው።

ሁለተኛው አደጋ እርጅና ነው። ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ለጋዝ ማመንጫነት የመረጠው በዓለም በማዳበሪያነት የሚታወቀውን አሞኒየም ናይትሬት ነበር። ይህ ጨው በተፈጥሮው 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ የቅንጣቶቹን አቀማመጥ ይለውጣል፤ እርጥበትንም ይስባል። ለውጡን የሚገታ ቅመም ቢታከልበትም፣ በዓመታት ብዛት፣ በእርጥበትና በሙቀት መፈራረቅ የተነሣ እንክብሎቹ ይላላሉ፤ የሚነድደው ገጽታ ይሰፋል። ያን ጊዜ ቅመሙ ከታሰበለት ፍጥነት በላይ ይነድዳል፤ የብረቱ ቤት ግፊቱን መቋቋም ያቅተውና ተሰባብሮ እንደ ፍንጣሪ ተሳፋሪውን ይመታል። መኪኖችን ለእርማት የመጥራቱ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2008 ተጀምሮ በአሜሪካ ብቻ 67 ሚሊዮን ያህል ኤርባጎችን አካተተ። የአሜሪካ የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ምክንያቱ የዕድሜ፣ የእርጥበትና የሙቀት መለዋወጥ ጥምረት መሆኑን አረጋገጠ፤ ኩባንያውም በ2017 ለኪሳራ ተዳረገ።

ቢቸናና ሞጣ ሁለቱም ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ብለው የተቀመጡ ቀዝቃዛ ከተሞች ስለሆኑ ይህ ጉዳይ አይመለከታቸውም የሚል ይኖር ይሆናል። መልሱ ግልጽ ነው። የቅመሙን ጤንነት የሚወስነው መኪናው ዛሬ የቆመበት ከተማ ብቻ ሳይሆን ያሳለፈው ዘመን ሁሉ ነው። ወደ አገራችን የገባው የቤት መኪና አብዛኛው ያገለገለ ነው። ከመካከሉ በጃፓን የባሕር ዳርቻ እርጥበት ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሐሩር ለዓመታት የቆየ ሊኖር ይችላል። ከደረሰም በኋላ ከጎጃም ደጋ ወደ ዓባይ ሸለቆ ቆላ እየወረደ፣ እንደገናም እየወጣ ይመላለሳል። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ ከሆነ ደግሞ፣ በመሪው ውስጥ ያለው ኤርባግ የፋብሪካው ራሱ ነው ወይስ ከሌላ መኪና የተወሰደ የሚለውን የሚመሰክር ሰነድ አይገኝም።

ሦስተኛው አደጋ የሚመጣው መኪናው ካረጀ በኋላ ነው። ያልፈነዳ ኤርባግ ያለበት መሪ ወደ ቁራሌው ጆንያ ይገባል፤ ከዚያም ወደ መዶሻው፣ ወደ ብየዳውና ወደ ማቅለጫው። አምራቾች መኪና በእሳት ቢያያዝ ቅመሙ ብረቱ ከመዳከሙ በፊት በራሱ እንዲነድድ የሚያደርግ ልዩ አቀጣጣይ አስገብተውበታል። ይህ ጥበብ ለእሳት ቃጠሎ የታሰበ ነው፤ ዕቃውን ታቅፎ ለሚበይድ ሰው ግን ከለላ አይሆነውም።

ይህ ሁሉ ሲባል ኤርባግ ይነቀል ማለት አይደለም። በአሜሪካ ከ1987 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. የፊት ኤርባጎች ከ50 ሺህ በላይ ሰዎችን ከሞት እንዳተረፉ የዚያው አገር መሥሪያ ቤት ገምቷል። የፈነዳውን ኤርባግ ሳይተኩ በቦታው ሬዚስተር አስገብቶ የማስጠንቀቂያ መብራቱን ማጥፋትም ተሳፋሪውን ማታለል ነው፤ መብራቱ ሲጠፋ አደጋው አልጠፋምና። የሚያስፈልገው ዕቃውን እንደ ጠባዩ መያዝ ነው።

አያያዙም አስቸጋሪ አይደለም። ቢጫ ሶኬት ከመነካቱ በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀል፤ መቆጣጠሪያው ያጠራቀመው ኃይል እስኪሟጠጥ ፋብሪካው ያዘዘው ጊዜ ይጠበቅ፤ ለምሳሌ ቶዮታ ከ90 ሰከንድ እንዳያንስ ያዛል። አቀጣጣዩ በተራ ኦም መለኪያም ሆነ በአምፖል አይለካ። የተነቀለ ኤርባግ የሽፋኑ ፊት ከሰውነት ዞሮ ይያዝ፤ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥም ፊቱ ወደ ላይ ይሁን። አይመታ፣ አይፈታ፣ በአቅራቢያው ብየዳ አይደረግ። የሚወገድ ከሆነ በሠለጠነ ሰው፣ በገላጣ ቦታ፣ ፋብሪካው የወሰነው ርቀት ተጠብቆ እንዲፈነዳ ይደረግ። መኪናው ለእርማት የተጠራ መሆን አለመሆኑም በሻንሲ ቁጥሩ ይመርመር። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ መኪኖች ባለ 17 ምልክቱን ቁጥር ስለማይይዙ የአሜሪካው መዝገብ አያውቃቸውም፤ ስለሆነም በጃፓኑ የአምራቹ መዝገብ መፈለግ ያስፈልጋል።

የመኪናው ዓይነት በመለወጡም ነገሩ አይቀርም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። ሆኖም ቀድመው የገቡት በየዓመቱ እያረጁ በመንገድ ላይ ይቆያሉ፤ የኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን በመሪው ውስጥ ይህንኑ እሳት ይዞ ይመጣል።

እንግዲህ የማኅበሩ ድርሻ ምንድን ነው? ከላይ የተዘረዘረው መመሪያ በፋብሪካዎቹ መጻሕፍት ውስጥ በባዕድ ቋንቋ ተጽፎ ይገኛል፤ ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ ጋራዦች ግን መኪናው እንጂ መጽሐፉ አብሮ አይደርስም። ይህን ክፍተት መሙላት ታላቅ በጀት ወይም የላቀ መሣሪያ አይጠይቅም። በአንድ ገጽ አማርኛ የተጻፈ፣ የቢጫውን ሶኬት ሥዕል የያዘ፣ በጋራዥ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ማስጠንቀቂያ ማዘጋጀት ይቻላል። በቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ የሚሰጠው የአውቶ ኤሌክትሪክ ትምህርት ስለ አቀጣጣይ አንድ ምዕራፍ እንዲጨምር መምከር ይቻላል። ከቁራሌ ነጋዴዎች ጋር መነጋገርም እንዲሁ።

የጎጃም ሰው ጥይትን የሚያከብረው የኬሚስትሪ ትምህርት ስለ ወሰደ ሳይሆን ከአባቱ ስለ ተነገረው ነው። ስለ ኤርባግ የሚነግረው አባት ገና የለም። የነጋሪነቱ ተራ የመሐንዲሶች ነው።