የሚቆጠረውና የሚለካው
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ስለ ቁጠባው አናወራም። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻችሁን ስለምናስጠናው እንግሊዝኛ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ እንግሊዝኛ ምን አገባት የምትሉ ትኖራላችሁ፤ እንመጣበታለን።

አሶሳ ውስጥ ብዙ ልጅ ቤቱ የበርታን ቋንቋ ይናገራል፣ ገበያ ላይ አማርኛ፣ ትምህርት ቤት ደግሞ እንግሊዝኛ ይጨመርበታል። "የሚቆጠር ስም" እና "የማይቆጠር ስም" የሚባለው ትምህርት ሲመጣ ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። ይህ ዝምታ ያሳስበናል። እጇን ማውጣት ያቆመች ልጅ "ቤት ዋዪና ሥራ አግዢ" ስትባል እምቢ የምትልበት ምክንያት ያንሳታል።

ልጆቹ ሰንፈው አይደለም። አማርኛችን በዚህ በኩል ቸር ነው። "ስንት ማንጎ?" እንላለን፤ "ስንት ስኳር?" ብንልም የሚስቅብን የለም። እንግሊዝኛ ግን ለሚቆጠረው "ሀው ሜኒ"፣ ለማይቆጠረው "ሀው ማች" ብሎ ይለያል። "ቱ ማንጎስ" ብሎ የተጨበጨበለት ልጅ "ቱ ብሬድስ" ሲል በቀይ እስክሪብቶ ይሰረዝበታል። ሁለት ዳቦ በዓይኑ እያየ አይቆጠርም ሲባል ቢናደድ አንፈርድበትም።

ስለዚህ ገበያውን ወደ ክፍል አመጣነው። ማንጎ፣ እንቁላል፣ ስኳር፣ ጨው፣ ዘይት መሬት ላይ ደረደርንና "ሽጡልን" አልናቸው። እንቁላሉን በእጃቸው አንስተው ሰጡን፤ ስኳሩ ላይ ሲደርሱ ኩባያ ፈለጉ። ስኳሩ አይቆጠርም፣ ኩባያው ይቆጠራል፤ "ቱ ካፕስ ኦፍ ሹገር" ከዚያ በኋላ አልከበዳቸውም። አንዱ ግን "ማንጎም በኪሎ ይሸጣል እኮ!" አለን። ልክ ነው፤ ማንጎ ግን ያለ ሚዛንም አንድ ሁለት ተብሎ ይሸጣል። ሌላዋ ሩዝ ፍሬ በፍሬ ይቆጠራል ብላ ተከራከረች። እውነቷን ነው። እንግሊዝኛ ባቄላን ከሚቆጠሩት፣ ሩዝን ከማይቆጠሩት መድቧል፤ እንዲህ ያለውን ከመሸምደድ በቀር መላ የለውም።

ያስገረማቸው "መኒ" ነው። ገንዘብ በእንግሊዝኛ አይቆጠርም! በየሳምንቱ ብር የምትቆጥሩ እናቶች አሁን ሳቃችሁ፤ ልጆቹም ሥቀው ነበር። ግን እኛስ "ሃያ ገንዘብ አበድሪኝ" እንላለን? ሃያ ብር ነው የምንለው። የሒሳብ ሠራተኛን የሚያገባትም ይኸው ነው፤ በዕቃ ገቢ ደረሰኝ ላይ "መለኪያ" የሚል ዓምድ አለ። "ዘይት 20" ተብሎ ብቻ ቢጻፍ ሊትር ይሁን ጀሪካን ማን ያውቃል? ማኅበር የሚጣላው እንዲህ ባለው ነገር ነው።

እናቶች፣ ለዚህ ፊደል መቁጠር አያስፈልጋችሁም። ወጥ ስትሠሩ "ይህ ይቆጠራል ወይስ ይለካል?" ብላችሁ በቤታችሁ ቋንቋ ጠይቋቸው። እንግሊዝኛውን እኛ ቅዳሜ እንጨምርበታለን።

ለጋሾቻችን፣ መማሪያው ከጓዳችን ስለሚወጣ ውድ ዕቃ አንጠይቅም። ለክረምቱ ደብተርና ጠመኔ ይበቃናል። ደብተሩን በቁጥር፣ ጠመኔውን በፓኬት አድርጋችሁ ጻፉልን።