እየገፋ ለሚሄድ ኬራቶኮነስ የትኛው ሕክምና ይሻላል?

(በማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ በዓል የጤና መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር)



እኛ የጤና ኮሚቴው አባላት ዛሬ የምናነሣው ኬራቶኮነስ ስለተባለ የዓይን ሕመም ነው። ርዕሱን የመረጥነው ሕመሙ ብዙውን ጊዜ በጉርምስና ዕድሜ፣ ልጆቻችን ለትልቅ ፈተና በሚዘጋጁበት ወቅት ስለሚጀምር ነው።

ኮርኒያ በዓይናችን ፊት ለፊት እንደ መስታወት ጥርት ብሎ ያለው ሽፋን ነው። በኬራቶኮነስ ጊዜ ይህ ሽፋን እየሳሳ ይሄድና እንደ ሾጣጣ ወደ ፊት ይወጣል። እይታ ይደበዝዛል፤ የሌሊት መብራት ይበተናል፤ መነጽር በየጊዜው ቢቀየርም አያረካም። ዓይንን አጥብቆ ማሸት ከሕመሙ ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ በአለርጂ ምክንያት ዓይኑን ሲያሽ የሚውል ልጅ ያላችሁ ወላጆች ነገሩን ቀላል አታድርጉት። አለርጂው ይታከም።

የሕመሙን ግስጋሴ የሚገታው ሕክምና ክሮስሊንኪንግ ይባላል። በጀርመን አገር በድሬስደን ከተማ የዳበረ ሲሆን፣ በሕሙማን ላይ የተገኘው የመጀመሪያው ውጤት የታተመው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። የሪቦፍላቪን (የቫይታሚን ቢ2) ጠብታ ኮርኒያው ውስጥ እንዲሰርግ ይደረግና አልትራቫዮሌት ኤ ጨረር ይበራበታል። በዚህም በኮላጅን ክሮች መካከል አዲስ ማያያዣ ይፈጠራል። የጭቃ ቤት ግድግዳ በማገር እንደሚጠነክር ማለት ነው። ነገር ግን ዓላማው ያለውን ማቆየት እንጂ የጠፋውን መመለስ አይደለም። ከሕክምናው በኋላም መነጽር ወይም ጠንካራ ኮንታክት ሌንስ ሊያስፈልግ ይችላል።

መንገዶቹ በዋናነት ሦስት ናቸው።

አንደኛው ነባሩ የድሬስደን ዘዴ ነው። በማደንዘዣ ጠብታ የኮርኒያው የላይኛው ስስ ሽፋን ይነሣል፤ 30 ደቂቃ ቫይታሚኑ ይንጠባጠባል፤ ከዚያም በስኩዌር ሴንቲሜትር 3 ሚሊዋት የሆነ ጨረር ለ30 ደቂቃ ይበራል። ከሁሉም ረዘም ላለ ጊዜ የተፈተነው ይህ ነው። በሌላ በኩል የመጀመሪያዎቹ ቀናት ያምማሉ፤ አልፎ አልፎም ኢንፌክሽን ወይም ጠባሳ ሊያስከትል ይችላል። በተለመደው አሠራር ሽፋኑ ከተነሣ በኋላ የኮርኒያው ውፍረት ቢያንስ 400 ማይክሮን መሆን አለበት፤ ከዚያ ለሳሳው የተሻሻለ አሠራር ይፈለግለታል።

ሁለተኛው የተፋጠነው ነው። ሽፋኑ እዚህም ይነሣል፤ ጨረሩ ግን በርትቶ ጊዜው ያጥራል። ለምሳሌ 9 ሚሊዋት ለ10 ደቂቃ ይበራል። ጠቅላላ ጉልበቱ ከነባሩ ጋር እኩል 5.4 ጁል ነው። ሆኖም ሥራው ኦክስጅን ስለሚፈልግና ብርቱ ጨረር ኦክስጅኑን ቶሎ ስለሚጨርሰው፣ ጊዜው ከልክ በላይ ሲያጥር የማጠንከር ኃይሉ ሊቀንስ ይችላል። በእንግሊዝ አገር ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 16 በሆኑ ልጆች ላይ ተሠርቶ በ2021 በታተመ ጥናት፣ በዚህ ዓይነት አሠራር ከታከሙት 30 ልጆች በ18 ወር ውስጥ ሕመሙ የገፋባቸው 2 ብቻ ናቸው። በመነጽርና በኮንታክት ሌንስ ብቻ ከቆዩት 28 ውስጥ ግን 12ቱ ላይ ገፍቷል።

ሦስተኛው ሽፋኑ ሳይነሣ የሚደረገው ነው። ሕመሙ ያነሰ፣ ማገገሙም ፈጣን ስለሆነ ብዙ ሰው ይህን ይመኛል። ችግሩ ያልተነሣው ሽፋን ቫይታሚኑንም ኦክስጅኑንም ማገዱ ነው። በመሆኑም ቀደምት አሠራሮቹ በብዙ ንጽጽር ከነባሩ ደክመው ታይተዋል። አሁን ተጨማሪ ኦክስጅን የሚሰጥበት አዲስ አሠራር መጥቷል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሽፋኑ የሚነሣበትን ዘዴ በ2016፣ ይህን አዲሱን ደግሞ በ2025 ፈቅዷል። ስለዚህ «ሳይላጥ እንሠራለን» ሲሏችሁ የትኛው አሠራር እንደሆነ ጠይቁ።

እንግዲህ የቱን እንምረጥ? እኛ የምንለው ይህን ነው፦ ሕመሙ በፍጥነት ለሚገፋበት ልጅ የጥቂት ቀን ሕመምን ፈርቶ ያልተረጋገጠ መንገድ መያዝ አያዋጣም። ሽፋኑ የሚነሣበት ዘዴ፣ ነባሩም ሆነ በልኩ የተፋጠነው፣ የተሻለ ማስረጃ አለው። ለሐኪሙም አራት ጥያቄ አቅርቡ፦ ሕመሙ እየገፋ መሆኑ በኮርኒያ ካርታ ታይቷል ወይ? ኮርኒያው በጣም በሳሳበት ቦታ ስንት ማይክሮን ነው? የጨረሩ ኃይልና ደቂቃ ስንት ነው? በመጀመሪያው ሳምንት የሚከታተለን ማን ነው? ይህ የመጨረሻው በተለይ ለሕክምና ድንበር ተሻግረው ለሚሄዱ ወገኖቻችን ነው። ቁስሉ ሳይደርቅ ለመመለስ አትቸኩሉ።

ውድ ወገኖች፣ ከዘዴው ምርጫ ይልቅ ብዙ ዓይን የሚጎዳው መዘግየት ነው። የልጃችሁ መነጽር በአጭር ጊዜ ደጋግሞ ከተቀየረ የኮርኒያ ካርታ እንዲነሣ ጠይቁ። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።