ፎንቱን ቢያሻሽሉት ፈቃዱ አይለወጥም

አቅራቢ፦ «አቢሲኒካ ኤስአይኤል» የተባለው የግዕዝ ፎንት የሚሰራጨው ኦፕን ፎንት ላይሰንስ በተባለ ፈቃድ ነው። በነጻ ይጠቀሙበታል፣ ያሻሽሉታልም። እ.ኤ.አ. በ2021 ዩኒኮድ ለተጨማሪ የጉራጊኛ ፊደላት ቦታ ሰጥቷል። በዚህ ፎንት ውስጥ እንዲህ ያሉ ፊደላትን በራሱ አሣሣል የቀየረ ሰው፣ አዲሱን ፎንት የሚያሰራጨው በዚያው ፈቃድ ብቻ ነው፤ ለብቻው መሸጥም አይችልም። ከራሱ ፕሮግራም ጋር አብሮ ቢሸጠው ግን ፈቃዱ ወደ ፕሮግራሙ አይሻገርም። በፎንቱ የታተመ የሠርግ መጥሪያንማ ፈቃዱ ጭራሽ አይነካም።

ጂፒኤል የተባለው የሶፍትዌር ፈቃድ ግን ጠበቅ ይላል፦ በጂፒኤል የወጣ የሌላ ሰው ኮድ ከራስዎ ጋር አዋሕደው እንደ አንድ ፕሮግራም ካሰራጩ፣ ሙሉው በጂፒኤል ይወጣል። ለራስዎ ብቻ ከተጠቀሙበት ጠያቂ የለብዎትም። ፎንት ከመነካካትዎ በፊት አብሮት የሚመጣውን የፈቃድ ፋይል ያንብቡ።