ለቮልስ ማርሚታ የሚሆነው ቀለም

አቅራቢ፦ ለመስቀል ከአዲስ አበባ በወልቂጤ በኩል ወደ እምድብር ከሚጓዙት መኪኖች መሀል አሮጌ ቮልስ ከተገኘ ዓይን መሳቡ አይቀርም። አካሉ ተወልውሎ ያብረቀርቃል፤ ከኋላ ያለው ማርሚታ ግን ብዙ ጊዜ ቀለሙ ተልጦ ዝጓል።

ጥፋቱ የሙቀት ነው። ለበር የሚቀባ ተራ ቀለም ጭስ ማውጫ ላይ ይቃጠላል፤ ከሥሩ የገባው ተራ አንቲረስትም አብሮት ይነሳል። የሚያዋጣው በሲሊኮን የተሠራ፣ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እንደሚችል ጣሳው ላይ የተጻፈበት ሙቀት ቻይ ቀለም ነው።

መልኩስ? ለቮልስ ደብዛዛ ጥቁር ይመረጣል፤ አቧራውንና ጭረቱን ይደብቃል፤ ጭሱ የሚወጣባቸውን ሁለቱን ቀጫጭን የክሮም ቱቦዎችም አጉልቶ ያሳያል። ቱቦዎቹን መቀባት ውበታቸውን መግደል ነው!

ዝገቱ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪታይ ይፈተጋል፤ ቅባቱ በቲነር ይጠረጋል፤ ቀለሙ ስስ ሆኖ ተደጋግሞ ይረጫል። ከደረቀ በኋላም ሥራው አላለቀም። እንዲህ ያለው ቀለም የሚጠነክረው በሙቀት ስለሆነ ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ ተነሥቶ ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ ረዘም ላለ ጊዜ ይነሣል።

ቀለም የማይደርስበት የማርሚታው ውስጥ ነው። ነዳጅ ሲቃጠል የሚፈጠረው እንፋሎት በአጭር ጉዞ ሳይወጣ ውሃ ሆኖ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ከገበያ ቤት ብቻ የምትመላለስ መኪና ማርሚታ አዲስ አበባ ደርሳ ከምትመለሰው ቀድሞ ከውስጥ ይበሳል።